ውሃ የማትጠጣው መምህርት

ተማሪዎቹ «አሲድ» ይሏታል። ፊት ለፊት «ቲቸር»፣ ዘወር ስትል «አሲድ»። ስሙ የወጣላት ገና በተቀጠረች ሰሞን ነው። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱ ቀልቃላ ውሃውን አሲዱ ላይ ሊገለብጥ ሲል እጁን ቀጨም አድርጋ ያዘችውና፣ «አንተ! አሲድ ላይ ውሃ አይጨመርም! አሲዱ ነው ቀስ ተብሎ ውሃው ላይ የሚጨመረው። ከገለበጥከው ፈንድቶ ፊትህን ይልጠዋል!» ብላ ጮኸችበት። ድምጿ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ጸሎት ቤቱ ተሰማ አሉ። በዚያው አሲድ ሆና ቀረች።

ቆየት ብሎ ልጆቹ ሌላ ነገር አስተዋሉ። አስተማሪያቸው ውሃ አትጠጣም። ፀሐዩ ቆርቆሮውን በሚያስጮህበት ቀን እንኳ፣ ከንፈሯ ደርቆ እየተሰነጠቀ፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ታስተምራለች እንጂ ጠብታ አትቀምስም። «ታዲያስ! አሲድ ላይ ውሃ አይጨመርም!» እያሉ ይስቁ ነበር። ይሳቁ፣ ልጆች ናቸው። የሚያናድደው የትልልቆቹ ነው። ትልልቆቹ ምክንያቱን አሳምረው ያውቁት ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደም የሚያፈላውም ቀላልነቱ ነው። ከተማው መሀል ያለው ይሄ የካቶሊክ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በጥርብ ድንጋይ ተሠርቶ፣ ጸሎት ቤት ከነደወሉ፣ የኳስ ሜዳ ከነመቀመጫው እያለው፣ የሴት ሽንት ቤት የለውም። ለተማሪዎቹ በየፎቁ አለ። ለወንድ መምህራን አለ። ለአባቶች አለ። ለዘበኛው እንኳ ከበሩ ጎን አንዲት ጠባብ አለችው። ለሴት ግን የለም። ለምን ሲባል «የወንዶች ትምህርት ቤት ነዋ!» ይላሉ። ይሁን፣ የወንዶች ይሁን! እነዚህ ወንዶች ግን ከሰማይ ዱብ አሉ እንዴ? እናት የላቸውም?

ስትቀጠር ይሄን አላወቀችም። ያኔ የነበሩት ሽማግሌው ዳይሬክተር ስለ ትምህርቷ ጠየቋት፣ ስለ ባህሪዋ ጠየቋት፣ በመጨረሻም መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው «ወንዶቹ አያስቸግሩሽም ወይ ልጄ?» አሏት። «በወንድሞች መሀል ነው ያደግኩት፤ እኔ እንዳላስቸግራቸው ይጸልዩላቸው» ብላ አሳቀቻቸው። ሽንት ቤት አላችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ሥራ ሊቀጠር የሄደ ሰው ጣራ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል?

በመጀመሪያው ሳምንት ቸግሯት ወንድ መምህራን የሚጠቀሙበት ገባች። ስትወጣ የሒሳብ አስተማሪው በሩ ላይ አገኛትና እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ዘለለ። በማግስቱ ቢሮ ተጠራች። «ነውር ነው፣ ልጄ» አሏት ዳይሬክተሩ፣ እሳቸው አፍረው መሬት መሬት እያዩ። ነውሩ የእሷ ሆነ! ትምህርት ቤቱ ሴት ቀጥሮ ቦታ ያላዘጋጀው ነውር አልነበረም፤ የእሷ ፊኛ ነበር ነውሩ።

እንግዲህ መፍትሔ ተብሎ የተሰጣት ቁልፉ ነው። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የአባቶች የቅዳሴ ልብስ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ በውስጡ አንዲት ትንሽ ሽንት ቤት አለች። የተቀደሰ ዕቃ ስላለበት ክፍሉ ሁልጊዜ ይቆለፋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እንዳይጠፋ ደግሞ ጡብ የሚያህል እንጨት በገመድ ታስሮበታል። ሴት የሆነች ሰው ሲቸግራት ቢሮ ሄዳ ታንኳኳለች። እንግዳ ካለ ትጠብቃለች። ገብታ «አባ፣ ቁልፍ» ትላለች። እሳቸውም ቀና ብለው፣ «አሁን?» ይሏታል።

አሁን ወይ! አይ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ልይዝ መጥቼ ነው! ዳይሬክተር በዳይሬክተር ላይ ተተካ፤ ሁሉም አንዱ አንዱን ያስጠናው ይመስል «አሁን?» ይላሉ። ከዚያ ያንን ግንድ አንጠልጥላ ሰፊውን ግቢ ታቋርጣለች፤ ከየመስኮቱ ፉጨት ይነሳል። ልጆቹ እንጨቱን «ዋንጫው» ብለውት ነበር። «አሲድ ዋንጫውን አነሳች!» ብለው ያጨበጭባሉ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኑዛዜ ካለ ወይም አባቶች ሱባኤ ከያዙ ደግሞ ዋንጫም የለም፤ ቻል አድርጊው ነው።

ቻለችው። ሰው ምን አማራጭ አለው? ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ጀምሮ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ውሃ መጠጣት ተወች። መምህራኑ ማረፊያ ክፍል ተቀምጠው ሻያቸውን ፉት ሲሉ እሷ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ነፍሰ ጡር የነበረችበትን ዓመትማ ባታነሱባት ይሻላል። መንገድ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ታዝንላት ነበርና በእረፍት ሰዓት ሆዷን ይዛ፣ መኪና እየሸሸች፣ አስፋልት ተሻግራ እሷ ጋ ትሄድ ነበር። «እዚያ ሁሉ ድንጋይ ደርድረው ላንቺ አንድ ጉድጓድ አጡ?» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን እንደነከሰች። 

ኋላ ኩላሊቷ ታመመ። መታመም ብቻ አይደለም፣ አልጋ ላይ ጣላት። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ «ውሃ አትጠጪም እንዴ?» አላት። «ወንዶች ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው» አለችው። ሐኪሙ ትኩሳቱ አናቷ ላይ የወጣ መሰለውና ግንባሯን ነካ። ባሏ የከተማ አውቶብስ ነጂ ነው፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እንኳ ያንን ሁሉ ሰው አጭቄ እየነዳሁ፣ ተሳፋሪ ሲቸግረው አቆምለታለሁ። አውቶብስ ያደረገውን ትምህርት ቤት አቃተው?» አላት። ተወት አድርጊው፣ ሌላ ቦታ ተቀጠሪ አላት። እምቢ አለች። ማስተማሩን ትወደዋለች፤ ልጆቹንም፣ ከነፉጨታቸው፣ ትወዳቸዋለች። «ደግሞስ እኔ ለምን እወጣለሁ? ጥፋቱ የማን ሆነና!» አለች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ተስፋ ነበራት። የአሁኑ ዳይሬክተር የእሷው ተማሪ ነበሩ። ያኔ አንተ፣ አሁን አንቱ። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው «ዋንጫ!» እያሉ ከሚያፏጩት አንዱ ነበሩ እንዲያውም፤ ጆሯቸውን ይዛ አንበርክካቸዋለች። ቄስ ሆነው፣ ዳይሬክተር ሆነው ሲመጡ «አሁንስ ተገላገልኩ፣ የገዛ ልጄ ነው» ብላ ነበር። አባ ክፉ ሰው አይደሉም። አፋቸው ማር ነው። ችግሩ ማሩ አያልቅም፣ ጉዳዩም አያልቅም። «ቲቸር፣ እግዚአብሔር ትዕግሥትዎን ያያል» አሏት አንድ ቀን ቁልፉን ሲሰጧት።

«እግዚአብሔርማ ያያል» አለቻቸው። «የማያዩት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ካለቻቸው በኋላ መሰለኝ አዲሱ ሕንፃ የታሰበው። የድሮ ተማሪዎች ማኅበር አዋጥቶ፣ ከታች ጂምናዚየም፣ ከላይ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ሊሠራ ሆነ። አባ ራሳቸው ቢሮ ጠርተዋት ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በጣታቸው አሳዩዋት። «ይኸውልዎ ቲቸር፣ እዚህ ጋ፣ ከጂምናዚየሙ በር ጎን። የሴቶች።» ጎንበስ ብላ አየችው። ትንሽዬ አራት ማዕዘን፣ በር ያላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለሽንት ቤት ስታለቅስ አስቡት! ማታ ለባሏ ስትነግረው ብድግ ብሎ ሳማት።

ሕንፃው ሲሠራ በየቀኑ እያለፈች ታያለች። ቧንቧው ሲገባ አይታለች። ወለሉ ሲነጠፍ፣ መሀሉ ላይ የፍሳሽ መውረጃው ቀዳዳ ከነወንፊቱ ሲገጠም አይታለች። ለባዮሎጂ አስተማሪዋም አሳይታታለች።

ባዮሎጂዋ ከእሷ ሌላ ያለችው ብቸኛ ሴት አስተማሪ ናት፤ ገና ልጅ፣ ጎበዝ፣ ትምህርቷን በሥዕል የምታስረዳ። ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰሌዳው ላይ የሰውን ኩላሊት እየሣለች፣ ውሃ ካላገኘ ምን እንደሚሆን እያስተማረች፣ እሷ ራሷ እግሯን አቆላልፋ ላብ ያጠምቃት ነበር። አንድ ቀን ግቢውን ስታቋርጥ አልደረሰችም። ጋዋኗን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ለአሲድ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ አልዋሽሽም። ሕንፃው ሲመረቅ ያቺ ክፍል ካልተከፈተች እለቃለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ግን ለልጄ እፈራለሁ።»

«ትከፈታለች» አለቻት አሲድ። «በዓይኔ አይቻታለሁ እኮ!» እሷ ራሷ በዚያ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች። ይቺ ልጅ ከሄደች ግቢው ውስጥ የሚጠይቅ ሴት አይቀርም፤ የሚጠይቅ ከሌለ ደግሞ «አየህ፣ ችግሩ አልነበረም» ይባላል። ያ ነው እንቅልፍ የነሳት። ለራሷማ አንዴ አልፏታል።

ምረቃው ሲቃረብ ክፍሏን ልታይ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ የስፖርት አስተማሪው ጨርቅ ይዞ፣ እየዘፈነ፣ አንድ ነገር ይወለውላል። ግድግዳው ዙሪያውን የመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድሯል፤ ሣጥኑ ውስጥ ዋንጫ፣ ዋንጫ፣ ዋንጫ። የእግር ኳስ፣ የሩጫ፣ የጥያቄና መልስ። ጥግ ላይ አፉ በሲሚንቶ የተደፈነ ቧንቧ ከግድግዳው ብቅ ብሏል።

«ቲቸር! ያምራል አይደል? የዋንጫ ክፍል!» አላት የስፖርት አስተማሪው በደስታ።

ወለሉን አየች። የፍሳሽ መውረጃው መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ከነወንፊቱ።

«ዋንጫዎቹ ሽንታቸው ይመጣል እንዴ?» አለችው።

ሰውየው ሳቀ። ቀልድ መሰለው። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄደች፤ ሳታንኳኳም ገባች።

«አባ፣ ክፍሌስ?»

አባ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ጆሯቸው ቀላ። «ቲቸር፣ የማኅበሩ ሰዎች ዋንጫዎቹ የሚታዩበት ቦታ አጥብቀው ጠየቁ። ለትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው። እኔም ከበደኝ። የእናንተን በሁለተኛው ምዕራፍ እንሠራዋለን፣ ቃል እገባለሁ።»

«ሁለተኛው ምዕራፍ የት ነው ያለው?»

«ገና እየታሰበ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ በሉኛ!» አለች። «ለቆርቆሮ ዋንጫ ቤት ሰጥታችሁ ለሰው ትከለክላላችሁ? ያቺ ልጅ እኮ ነፍሰ ጡር ናት፣ አባ! ትለቃለች። ኩላሊቷን አቃጥላ ታስተምር?»

«እጸልይላታለሁ።»

«ጸሎቱን ለኩላሊቷ ያድርሱላት፤ ፊኛ ግን ጸሎት አይሰማም!» ብላ በሩን አላትማው ወጣች። ቄስ ላይ በር ስታላትም የመጀመሪያዋ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትንሽ ደነገጠች፣ ከዚያ ይበለው ብላ ሄደች። ባዮሎጂዋ ነገሩን ስትሰማ ዕቃዎቿን ወደ ካርቶን መክተት ጀመረች፤ አጉሊ መነጽሯን፣ የአጥንት ሥዕሎቿን። «ምረቃው ይለፍ ብቻ፣ እትዬ» አለች።

የምረቃው ቀን ግቢው ድንኳን በድንኳን ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልማድ ነው፣ በትልቅ ቀን እናቶች ከፊት ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዷ አበባ ይሰጣታል። ልጆቹ ተሰልፈው ለእናት የተደረሰ መዝሙር ይዘምራሉ፤ እናቶች ያለቅሳሉ። ያስለቅሳልም። አበባ ይሰጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፤ ሽንት ቤት ግን የለም! አባቶች ጳጳሱን አጅበው መድረኩ ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ሕንፃ በር ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ንፋሱ ይነፍሳል። ፕሮግራሙ ረጅም ነው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ተናገረ፣ የስፖርት አስተማሪው ተናገረ፣ ከዚያ አባ ማይኩን ያዙ።

አሲድ ከእናቶቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ነጠላ ቢጤ የተከናነቡ አሮጊት አሉ፤ የአባ እናት። ከድሮ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፣ ልጃቸው ተማሪ ሳለ ለወላጆች ስብሰባ ይመጡ ነበር። አሮጊቷ መቀመጫቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ አንሾካሾኩ።

«ልጄ፣ ውሃ ሽንቴን ይዤ ሞትኩ። መውጫው በየት ነው?»

አሲድ አንገቷን አዙራ አየቻቸው። 

«ኧረ ተይ!» አሉ አሮጊቷ ፊቷን አይተው። «አሁንም የለም? እሱ እዚህ ሲማር፣ ለስብሰባ ስመጣ ጠብታ ሳልቀምስ ነበር የምመጣው። ዛሬ ግን ልጄ ሕንፃ ሠርቷል፣ መቼስ እናቱን አይረሳም ብዬ መድኃኒቴን ከነውሃው ጠጣሁት። ምነው ሳልጠጣው በቀረ!»

«ይጠብቁኝ፣ እማማ» አለችና ተነሳች።

ቁልፉ የት እንዳለ ከተቀመጠችበት ይታያት ነበር። መድረኩ ላይ ነው። አባ ንግግራቸውን የጻፉበትን ወረቀት ንፋስ እንዳይወስድባቸው ያንን ጡብ የሚያህል እንጨት ላዩ ላይ ጭነውበታል። የሴቶቹ ዋንጫ ወረቀት ሲጠብቅ ዋለ! ደረጃውን ወጣች። ሰው ሁሉ አበባ ልታበረክት የሄደች መሰለው፤ ማጨብጨብ የጀመሩም ነበሩ። አባ «ይህ ትምህርት ቤት፣ እንደ እናት አቅፎ...» እያሉ ሳለ እጇን ዘርግታ እንጨቱን አነሳች። ወረቀቱ ብር ብሎ በጳጳሱ ራስ ላይ አልፎ ሄደ።

አባ ደንግጠው ዞሩ። ማይኩ አፋቸው ላይ መሆኑን ረሱት።

«ቲቸር፣ አሁን?»

ቃሉ በድምጽ ማጉያው ግቢውን ሞላው። አሁን? ከኋላ የተቀመጡት የድሮ ተማሪዎች ቁልፏን አወቋትና ሳቅ አፈነዱ። «ዋንጫ!» አለ አንዱ ሸበቶ፣ እንደ ልጅነቱ።

«አዎ፣ አሁን!» አለች አሲድ። «ለኔ አይደለም። ለእናትዎ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ማይኩን ከእጃቸው ተቀበለች፤ አባም አልከለከሏት፣ ደንዝዘው ቆመዋል። ድምጿ ያ የቤተ ሙከራው ድምጽ ነበር።

«እናቶች» አለች፣ «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስትመጡ ውሃ ጠጥታ የወጣች እጇን ታውጣ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ረድፉ ሙሉ አበባ የያዘ እጅ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ለካ አንቺም፣ ለካ አንቺም የሚል መተያየት። ልጆቻቸው በሰልፍ እንደቆሙ እናቶቻቸውን ያያሉ፤ ብዙዎቹ ይሄን ሲያውቁ የመጀመሪያቸው ነው።

አንዲት እጅ ብቻ ወጣች። ቀጭን፣ የተሸበሸበች እጅ።

«እኔ ጠጥቻለሁ» አሉ አሮጊቷ። ማይክ አልነበራቸውም፣ ግን ሁሉም ሰማ። «ልጄ ነው የሠራው ብዬ።»

የአባ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ከዚያ ቁልፉን ከአሲድ እጅ ወሰዱና ከመድረኩ ወረዱ። እናታቸው ፊት በርከክ አሉ። «ይቅር በይኝ፣ እማ» ሲሉ ከፊት ያሉት ሰሙ። እናትየው ግን ለይቅርታም ጊዜ አልነበራቸውም። «ኋላ ይቅር እልሃለሁ፤ አሁን ቶሎ በል!» አሏቸው።

ተቃቅፈው ሄዱ። እንጨቱ ከአባ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ሰፊውን ግቢ፣ በሺህ ዓይን መሀል፣ አሲድ ስንትና ስንት ዓመት የሄደችበትን መንገድ ሄዱት። ያፏጨ የለም። መንገድ ላይ የስፖርት አስተማሪው ጋ ሲደርሱ አባ ቆም ሳይሉ፣ «ዋንጫዎቹን አውጣቸው» አሉት።

«መቼ፣ አባ?»

«አሁን!»

ከዚያ አንዲት እናት ተነሳች። አበባዋን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ በዝግታ ተከተለቻቸው። ሌላዋም ተነሳች። ቀጥሎ ረድፉ እንዳለ ተነሳ፤ ሰልፉ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ጀምሮ ሜዳውን አቋርጦ እስከ ሪባኑ ደረሰ። ጳጳሱ ተቀምጠው ጠበቁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ጳጳሱ ክንዱን ያዙና «ይሄኛው ይቀድማል» አሉት። ሪባኑን በዚያ ሰዓት የሚቆርጥ አልተገኘም።

አሲድ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቀረች። የአባ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጠረጴዛው ላይ ለተናጋሪዎች የተቀመጠ ውሃ አለ፣ ከነብርጭቆው። አየችው። ባዮሎጂዋ ሆዷን በእጇ ደግፋ ደረጃውን ወጥታ አጠገቧ ቆማለች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም።

«ካርቶኑን ፍቺው» አለቻት አሲድ።

ብርጭቆውን ሞላችና ለልጅቷ ሰጠቻት። ለራሷም ቀዳች። እዚያው፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ ጊዜም ሳትተነፍስ እስከ ታች ጠጣችው። ከላይኛው ፎቅ መስኮት አንዱ ተማሪ «አሲድ ላይ ውሃ!» ብሎ ጮኸ። ቀና ብላ አየችውና ሁለተኛውን ቀዳች። እሱንም ጨረሰች። ከዚያ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ የባዮሎጂዋን ክንድ ይዛ ወርዳ፣ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች።